ግምት

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ አንትወርፕ ያካፋል፤
ከሱቄ ደጃፍ ላይ ታክሲ መጥቶ ቆሟል።
ጎደሊቭ ወረደች፣ ሰማንያ ያለፋት፣
የልጅ ልጇ ሣጥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከኋላ ሲከተላት።

«ፒያኖ ነው» አለኝ ልጁ። ገልጬ አየሁት፤
ፒያኖስ አይደለም፣ ቅድመ አያቱ በሉት፤
መዶሻ የማያውቅ፣ በላባ ጫፍ ጥፍር
እንደ ክራር መቺ ሽቦ የሚቆነጥር።

ከክዳኑ ውስጥ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ፈረስ፣
ጭራው የዓሣ ጭራ፣ ሲዋኝ ጥግ እስኪደርስ፤
በወርቅ ቀለም ደግሞ የተጻፈ ዓመት፦
ሺ ስድስት መቶ አርባ። ይህን ያህል ጥንት!

ወደ እኔ የሚመጣ «ስንት ያወጣል?» ይላል።
እሷ ጓንቷን ስታወልቅ ብዙ ጊዜ አልፏል።
«ዋጋው ይቆየኝ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣
«ንገረኝ፤ ከማን ቤት መጣ ተነቅሎ?»

አባቷ ፊርሚን ባለጋሪ ነበር።
በዚያ በጦርነት፣ ሰው ከነልጁ ተግዞ በሌሊት ሲሰወር፣
ሲነጋ ቤቱ ይራገፋል፤
ወንበሩ፣ አልጋው፣ መስታወቱ በጋሪ ያልፋል፤
ነጂው ይፈርማል፣ የቀኑን ይቀበላል።

ይህን ከመንደር ሐሜት ለቅማ ነው ያወቀችው፤
እሱን አንድም ቀን ደፍራ አልጠየቀችው።
አግብታ ከራቀች በኋላ፣ አንድ ፋሲካ ስትመጣ
ሣጥኑን ሳሎን አገኘችው። ከየት እንደ መጣ?
«የድሮ ነው» አላት። ሌላ ቃል አልወጣ።
እሱ ከሞተ ወዲህ አቧራውን ትጠርጋለች፤
ክዳኑን ግን ከፍታ አታውቅም፤ ትፈራለች።

አምፖል አስጠጋሁ፣ መነጽሬን ጠረግሁ፤
ሆዱን ገለበጥሁና እንደ ሐኪም ፈለግሁ።
ታቹ ኮምፔርሳቶ፣ የፋብሪካ ውላጅ፤
ብሎኑ ባለመስቀል፣ የትናንትና ልጅ፤
የባሕር ፈረሱ በአጉሊ መነጽር ሲታይ
ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ እንደ ሥዕል ጋዜጣ ላይ።
ከሥር ደግሞ በእርሳስ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት፦
«የካቲት፣ ሺ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት።
ዛሬም ዝናብ። ኮላ አለቀ።
ሦስተኛው ሽቦ እንደ በቅሎ አስቸገረኝ። ፊርሚን።»

«እመቤት» አልኳት፣ «ይህ ጥንት አይደለም፤
አባትዎ ጠርቦ የቀባው ነው ቀለም።
ሁለት መቶ ዩሮ፣ ገዢ ከተገኘ።»
ይህን ሰምቶ ከደጄ ስንቱ ተክዞ ተሸኘ!

እሷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።
ከዚያ ሳቀች።
«ሐሰት ነው? ተመስገን! ከማንም አልተወሰደ?»
ሐሰት እንዲህ ሲመረቅ ጆሮዬ አልለመደ።

ደስ ብሎኝ ቁልፎቹን እቆጥር ጀመር።
አርባ አምስት ናቸው። አርባ ሁለቱ የበሬ አጥንት፣
ከሥጋ ቤት የተለመነ፣ ጠርዙ ገና ስለት።
ሦስቱ ግን፣ ከመሐል፣
ቢጫቸው ሌላ ነው፤ ሆዳቸው ጎድጉዷል፤
ጣት ነው እንዲህ የበላቸው፤ የልጅ ጣት፣ የእናት ጣት፣
እንደ አሮጌ ደረጃ ድንጋይ፣ ከእግር ብዛት።

ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በሳንቲም ገዝቶ ይሆናል።
ይሆናል።
ወይስ ከጋሪው ወለል ለቅሞ፣ ሃያ ዓመት በኪሱ ይዞ ኖሯል?
የስንት ቤት ቁልፍ ያዘ ያ እጅ፣ ስንቱንስ መልሷል?
እኔ ዕቃ ገማች ነኝ፤ ሰው መገመት አልችልም፤
እንዲህ ያለ ሚዛን በሱቄ የለኝም።

«ሁሉም?» አለች፣ ዐይኗን በመሐረብ እየጠረገች፣
«ሁሉም የእጁ ሥራ ነው?» ብላ ጠየቀች።

አንዱን አሮጌ ቁልፍ ተጫንሁት፤ ጮኸ።
አጠገቡ ያለውን፣ አዲሱን፤ ጮኸ።
ልዩነት የላቸውም። አንድ ሰው ነው የቃኛቸው።

ብዕር አነሣሁ።
«ሣጥን፦ የፊርሚን ሥራ፤ ሁለት መቶ ዩሮ።
ቁልፍ አርባ ሁለት፦ የራሱ።
ቁልፍ ሦስት፦ ባለቤት ያልታወቀ። ግምት፦»

እዚያ ላይ ቆምሁ።
ወረቀቱን ወደ እሷ አዞርሁት።
ቦርሳዋን ከፍታ መነጽሯን መፈለግ ጀመረች።